ከአር ሲክስ ወርዶ ሦስት ኩንታል ከሠላሳ ላይ መውጣት

አሥራ አንድ ዓመት ያማሃ አር ሲክስ የሚባል የስፖርት ሞተር ነዳሁ። የ2008 ሞዴል፣ ሰማያዊ፣ 599 ሲሲ። ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ የ2018 ሀርሊ ዴቪድሰን ሄሪቴጅ ክላሲክ ገዛሁ፤ ክሩዘር ከሚባሉት፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ከሚነዷቸው ከባድ ሞተሮች አንዱ ነው፤ እስካሁን ሰባት ሺህ ማይል ገደማ ሄጄበታለሁ። ጓደኞቼ በየተራ እየደወሉ «እንዴት ነው? እኔም ልቀይር?» ስለሚሉኝ፣ አንዴ ጽፌ ብገላገል ይሻላል ብዬ ነው።

የቀየርኩት ዕድሜ ስላበሰለኝ አይደለም። የእጄ አንጓ ስለታመመ ነው። አር ሲክስ ላይ ሰው ወደ ፊት ተደፍቶ ስለሚቀመጥ ክብደቱ መዳፉ ላይ ያርፋል። ሲሮጥ ነፋሱ ደረትን ስለሚገፋ ይቀልላል፤ እኔ ግን ከአሌክሳንድሪያ ዲሲ ነው የምመላለሰው። 395 ሀይዌይ ላይ ያለው ኤክስፕረስ መስመር ለሞተር ነፃ ስለሆነ እስከ ድልድዩ ጥሩ እሄዳለሁ፤ ከተማ ስገባ ግን መብራት በመብራት ነው፣ ነፋስ የሚባል ነገር የለም። ሥራ ቦታ ደርሼ የቡና ስኒ ሳነሳ ጣቶቼ ይደነዝዙ ጀመር።

ሌላው ምክንያት ራሷ ቨርጂኒያ ናት። እዚህ ከገደቡ 20 ማይል ወይም ከ85 ማይል በላይ የነዳ ሰው ተራ ቅጣት ከፍሎ አይሸኝም። ሬክለስ ድራይቪንግ ይባላል፤ እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2500 ዶላር የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። አር ሲክስ ደግሞ በአንደኛ ማርሽ ብቻ የሀይዌዩን ገደብ ያልፋል። የቀሩት አምስት ማርሾች ለዳኛው ናቸው።

ዓይኔ ክሩዘር ላይ መውደቅ የጀመረው ግን ከዚያ በፊት ነው። እስከ 2019 ድረስ በየዓመቱ ለሜሞሪያል ዴይ፣ ለወደቁ ወታደሮች መታሰቢያ ቀን፣ ሮሊንግ ተንደር የሚባለው የሞተረኞች ሰልፍ ፔንታገን መኪና ማቆሚያ ላይ ይሰበሰብ ነበር። ጢማቸው የሸበተ ሽማግሌዎች ሳሎን ሶፋ ላይ የተቀመጡ ይመስል ቀጥ ብለው፣ አንድ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ጥለው ሲያልፉ አያለሁ። እኔ አጠገባቸው እንደ እንቁራሪት ተጣጥፌ።

አከፋፋይ ጋር መጀመሪያ ሄጄ ነበር። የሞተሩ ዋጋ አንድ ነገር ነው፤ ከሥሩ የደረደሩት «ፊ»፣ ማለትም ተጨማሪ ክፍያ፣ ሌላ ነገር ነው። ምስጋና አቅርቤ ወጣሁና ፍሬድሪክስበርግ ከሚኖሩ አንድ ጡረተኛ በ13,500 ዶላር ገዛሁ። 9 ሺህ ማይል ብቻ የተነዳ፣ ፊት ለፊቱ ሞተሩን ከውድቀት የሚጠብቅ ብረት ያስገጠሙለት። ያንን ብረት በኋላ መርቄዋለሁ።

አሁን ስለ ክብደቱ። ቤንዚንና ዘይት ሞልቶ 330 ኪሎ ነው፤ ሦስት ኩንታል ከሠላሳ። አር ሲክስ ሁለት ኩንታል አይሞላም። ከመግዛቴ በፊት ይህን ቁጥር አንብቤዋለሁ፣ ግን ቁጥር ማንበብና ዳገት ላይ ወደ ኋላ መግፋት ይለያያል። መቀመጫው ዝቅ ያለ ነው፤ ሁለቱም እግሮቼ መሬት ላይ ሙሉ ያርፋሉ። አር ሲክስ ላይ በጣቶቼ ነበር የምቆመው። ስለዚህ ቀላል መሰለኝ። የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው፦ ከባድ ሞተር የሚያስቸግረው ሲሮጥ ሳይሆን ሲያዘግም ነው። ከ20 ማይል በላይ ክብደቱ የት እንደገባ አይታወቅም፤ ከ5 ማይል በታች ሙሉውን ሒሳብ ይጠይቃል።

በገዛሁ በሦስተኛው ቀን የቤተ ክርስቲያናችን መኪና ማቆሚያ ከቅዳሴ በኋላ ባዶ ስለሚሆን እዚያ ዞሮ መመለስ ልለማመድ ሄድኩ። መሪውን ጠምዝዤ ግማሽ እንደዞርኩ የፊት ጎማውን ተመለከትኩ፣ ደነገጥኩ፣ የፊት ፍሬን ያዝኩ። መሪው እንደተጠመዘዘ የፊት ፍሬን መያዝ ማለት ሞተሩን «ተኛ» ማለት ነው። አር ሲክስ ቢሆን እግሬን ዘርግቼ እይዘዋለሁ። ይሄኛው እግር አይጠይቅም። እንደ ደከመው በሬ ቀስ ብሎ በቀኝ ጎኑ ተኛ፤ እኔ ቆሜ ቀረሁ። ሁለት ዲያቆናት ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ሮጠው መጡ። «ጋሼ፣ ተጎዱ እንዴ?» አለኝ አንዱ። አልተጎዳሁም፤ «ጋሼ» የሚለው ግን ጎዳኝ። አር ሲክስ ላይ እያለሁ እንዲህ ያሉ ልጆች «ብሮ» ነበር የሚሉኝ።

ማንሳቱን ከወጣቶቹ ጋር ሳይሆን ብቻዬን ልሞክር አልኩ፤ ዘዴው ስላለኝ። ሞተሩ በቀኝ ከወደቀ መጀመሪያ የግራ ማቆሚያ እግሩን ታወጣለህ፣ ካለዚያ አንስተኸው በወዲያኛው በኩል ትጥለዋለህ። ማርሽ ውስጥ ታስገባዋለህ፣ እንዳይንሸራተት። ከዚያ ጀርባህን ሰጥተህ ቂጥህን መቀመጫው ጠርዝ ላይ ታስደግፋለህ፣ በአንድ እጅ መሪውን በሌላው የኋላውን ብረት ይዘህ፣ በትንሽ በትንሹ ወደ ኋላ ትራመዳለህ። ወገብ አይሠራም፤ እግር ነው የሚሠራው። ተነሳ። የተጫረው ብረቱ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሦስት እሑድ እዚያው ቦታ ተመላለስኩ። ፍሪሲዮኑን ሙሉ ሳይለቁ ግማሽ ላይ ይዞ መቆየት፣ የኋላ ፍሬኑን በስሱ መርገጥ፣ አንገትን ትከሻ እስኪነካ አዙሮ መሄድ የተፈለገበትን ቦታ ማየት። አር ሲክስ ላይ የኋላ ፍሬን መኖሩን እረሳ ነበር፤ ፊት ለፊት ሁለት ትልልቅ ዲስክ አለው፣ ሥራው ሁሉ የዚያ ነው። ሄሪቴጅ ፊት ያለው አንድ ዲስክ ነው፣ ክብደቱም ወደ ኋላ ስለሚያደላ ሁለቱን አንድ ላይ መጠቀም ግድ ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ልምድ አለኝ ብዬ ነበር፤ የቀኝ እግሬ ግን ጀማሪ ነበር።

ሞተሩ 1746 ሲሲ ነው፣ ሁለት ሲሊንደር ብቻ፣ በ45 ዲግሪ ተከፍተው የቆሙ። ሁለቱ ፒስተኖች አንድ ፒን ላይ ስለታሰሩ እኩል ተራርቀው አይተኩሱም፤ አንዱ ከተኮሰ በኋላ ዘንጉ 315 ዲግሪ ሲዞር ሌላው ይተኩሳል፣ ቀጣዩ ግን 405 ዲግሪ ይጠብቃል። ያ ከመንገድ ማዶ የሚታወቀው የሚያነክስ ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው፣ ከማርሚታው አይደለም። ጉልበቱ በደቂቃ 3000 ዙር አካባቢ ተሰብስቦ ይጠብቃል። አር ሲክስ 10,000 ዙር ካላለፈ በደንብ አይነቃም፤ ሲነቃ ግን፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ደስ ይላል። ይሄኛው ነዳጅ ሲሰጡት አይጮህም፤ ከኋላ ሰው እንደሚገፋህ ሆኖ ዝም ብሎ ይሄዳል። ለመቅደም ማርሽ መቀነስ ከረሳሁ ቆይቷል።

ካቴና የለውም፤ በቺንጋ ነው የሚሠራው። በየአምስት መቶ ማይሉ ካቴና መጥረግና ዘይት መቀባት ቀረ፣ ጥፍሬም ሥር የነበረው ጥቁር ቅባት ጠፋ። ቫልቩም በዘይት ግፊት ራሱን ያስተካክላል፤ አር ሲክስ ላይ ያንን ለማስለካት ብቻ ግማሹ አካል ተፈትቶ ነበር። ኢንሹራንሴ በግማሽ ገደማ ወረደ። ክፉ ጠባዩ ግን ሐምሌ ላይ ይገለጣል፦ በአየር የሚቀዘቅዝ ትልቅ ሞተር ላይ ቁጭ ብሎ በዲሲ ሙቀት ቀይ መብራት መጠበቅ ቀኝ ጭንን ምድጃ አጠገብ እንደማስቀመጥ ነው። ቁምጣ ለብሶ የሚነዳ ሰው ካለ ድፍረቱን አደንቃለሁ።

ኩርባ ላይስ? ከስፔሪቪል ወደ ቶርንተን ጋፕ፣ ወደ ተራራው መተላለፊያ፣ የሚወጣውን 211 መንገድ በአር ሲክስ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ የስፖርት ሞተር ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰቡበት ነው። በሄሪቴጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ስወጣው ሦስተኛው ኩርባ ላይ ከግራ እግሬ ሥር «ክርርር» የሚል ድምፅ መጣ። ልቤ ቆመ። የእግር ማሳረፊያው ሰሌዳ አስፋልቱን እየላሰ ነው። ሰሌዳው ታጣፊ ስለሆነ ምንም አልሆነም፣ ግን ነገሩ ገባኝ፦ አር ሲክስ እስክትፈራ ድረስ ይጋደምልሃል፤ ይሄ ገና ሳትፈራ «በቃ» ይልሃል። አሁን ያ ድምፅ ሲመጣ ጋዙን ቀስ አድርጌ እቀንሳለሁ፤ አልደነግጥም። ኩርባ ለመብላት የምትነዱ ከሆነ ግን ይህን ሞተር አትግዙት። በአንድ ወር ውስጥ ትጠሉታላችሁ።

ጋፑ ላይ 25 ዶላር ከፍለን ስካይላይን ድራይቭ ወደሚባለው በተራራው አናት ላይ ወደሚሄደው የፓርክ መንገድ ገባን። «ገባን» ያልኩት ባለቤቴ ከኋላ ስለነበረች ነው። አር ሲክስ ላይ አንዴ ብቻ ወጥታ፣ አሥር ማይል ሳንሄድ ትከሻዬን መትታ አስወርዳኛለች። የኋላ መቀመጫው የእጅ መዳፍ ያህል ነው፣ አልፈርድባትም። ስካይላይን 105 ማይል ርዝመት አለው፣ ገደቡ 35 ማይል ነው፣ ሬንጀሮቹም አይቀልዱም። በአር ሲክስ 35 ማይል መሄድ የታሰረ ውሻ ይዞ እንደመሄድ ነበር። በዚህ በሦስተኛ ማርሽ ዱግ ዱግ እያለ ብቻውን ይሄዳል። ከጋፑ ወደ ደቡብ እንደታጠፍን ሜሪስ ሮክ ዋሻ ውስጥ ስንገባ ድምፁ ከግድግዳው ተመልሶ እንደ ከበሮ ደረቴ ላይ መታ፤ ባለቤቴ «እንደገና እንመለስበት» አለች። ተመልሰን አለፍንበት። አንድ መመልከቻ ቦታ ላይ ቆመን ከጎን ሣጥኑ ፔርሙዝና በፎጣ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ አወጣች። አሥራ አንድ ዓመት በጀርባዬ ቦርሳ ከዝናብ ልብስ ሌላ ይዤ አላውቅም ነበር።

የሚናፍቀኝ ነገር አለ? አለ። ጠዋት ጠዋት፣ መንገድ ባዶ ሲሆን፣ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲገባ የነበረው ያ ጩኸት። እናቴ ግን አልናፈቃትም። ደሴ ስላለች በቪዲዮ አሳየኋትና «ይሄስ መኪና ይመስላል፣ ሁለት ጎማ ጎደለው እንጂ» አለች፤ ለእሷ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

አር ሲክስን የገዛኝ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ያደገ። ገንዘቡን ቆጥሮ ከሰጠኝ በኋላ ዓይኑ ሄሪቴጁ ላይ ቀረ። «ልቀመጥበት?» አለ። ተቀመጠ። ከማቆሚያ እግሩ ሊያቃናው ሞከረ፣ ግማሽ ላይ ደርሶ መልሶ አስተኛው። ጋራዤ ወደ ውስጥ የሚያዘቀዝቅ መሆኑን አየና፣

«ጋሼ፣ ይሄን ወደ ኋላ እንዴት ነው የሚያስወጡት?» አለኝ።

«አላስወጣውም» አልኩት። «ማታ ስገባ በር ላይ አዙሬ፣ ቁልቁለቱን በኋላ ጎማው አስገብቼ ነው የማቆመው።»