ለመኪና ቴፕ ኤምፒ3 ሲዲ በትክክል ለሚቀዳልን ባለሙያ ምስጋና

መርካቶ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ሙዚቃ ለሚቀዳው ወንድማችን ምስጋናችን ይድረሰው። መኪናችሁ ፍላሽ የማይቀበል አሮጌ ቴፕ ያለው ከሆነ ከእሱ ዘንድ ሂዱ።

ፋይላችሁን ከመቀበሉ በፊት «የሚጫወተው በምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ኮምፒውተር ላይ ደህና የሚጫወት ሲዲ ቴፕ ላይ እንቢ የሚለው ብዙውን ጊዜ ይህ ጥያቄ ስለሚዘለል ነው። ቴፑ ፊት ላይ ኤምፒ3 የሚል ጽሑፍ ከሌለ በኦዲዮ ሲዲ መልክ፣ ማለትም ሳይጨመቅ እንደ መደበኛ የሙዚቃ ሲዲ ይቀዳላችኋል፤ 80 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ አምስትና ስድስት ደቂቃ የሚረዝሙ ዘፈኖች ከ13 እስከ 16 ቢገቡ ነው። ጽሑፉ ካለ ግን ያው የ700 ሜጋባይት ሲዲ በኤምፒ3 የተጨመቀ ዘፈን በሰከንድ 128 ኪሎቢት (ቁጥሩ ሲያንስ ፋይሉ ይቀላል፣ ጥራቱም ይቀንሳል) ከ12 ሰዓት በላይ፣ በ192 ደግሞ ከ8 ሰዓት በላይ ይይዛል። እሱ የሚመርጠው 192ን ነው፤ እኛም እንስማማለን። ጭብጨባና እልልታ የበዛበት የባህል ዘፈን በ128 ሲጨመቅ ጭብጨባው ጥርት ማለቱ ቀርቶ ይሻክራል። በ64 የተጨመቀ ፋይል ይዛችሁ «ወደ 192 ቀይርልኝ» ብትሉት ግን አይቀበልም። የጠፋው ድምፅ አይመለስም፣ ፋይሉ ብቻ ይወፍራል።

በጣም የምናመሰግነው በድምፅ ማስተካከሉ ነው። ከካሴት የተገለበጠ የድሮ ዘፈን ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ከአዲስ ሥራ ቀጥሎ ሲመጣ ሹፌሩ እጁን ከመሪ እያነሳ ድምፅ ሲጨምርና ሲቀንስ ይውላል። ወንድማችን የሁሉንም የድምፅ ከፍታ ወደ 89 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ያቀራርበዋል። ፋይሉን እንደገና ሳይጨምቅ በ1.5 ዴሲቤል እርከን ከፍ ዝቅ ስለሚያደርግ ጥራቱ አይነካም።

ከዚያ ስያሜው ይመጣል። አሮጌ ቴፕ የግዕዝ ፊደል የለውም፤ «ትዝታ» ብላችሁ የሰየማችሁትን ጥያቄ ምልክት ወይም ባዶ ቦታ አድርጎ ያሳያል። ስለዚህ የፋይሉንም በውስጡ የተጻፈውንም ስም አሳጥሮ በላቲን ፊደል ይጽፋል። ቁጥሩን 01፣ 02 እያለ ይጀምራል፤ አለዚያ ብዙ ቴፕ ከ1 ቀጥሎ 10ን ያጫውታል። በፋይሉ ውስጥ የተለጠፈውን ትልቅ የአልበም ሥዕል ያወጣዋል፤ አንዳንድ ቴፕ ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ዝም ብሎ የሚቆየው ሥዕሉን ዘሎ ለማለፍ ነው። ለአንድ ዘፋኝ አንድ ፎልደር ይከፍታል፣ ፎልደር ውስጥ ሌላ ፎልደር አይጨምርም።

ሲቀዳ የሚጠቀመው አንዴ ብቻ የሚጻፍበትን ሲዲ ነው። እየተሰረዘ የሚጻፈው ዓይነት የሚመልሰው ብርሃን ከመደበኛው ሲዲ ሲሶ ቢደርስ ስለሆነ የአሮጌ ቴፕ ሌንስ ላያነበው ይችላል። የመቅጃውን ፍጥነት 52 እጥፍ ላይ አይለቀውም፤ በ16 ወይም በ24 እጥፍ ይቀዳል። በጥድፊያ የተቀዳ ሲዲ በተለይ ወደ ጠርዙ ሲደርስ፣ ማለትም መጨረሻ ላይ ያሉት ዘፈኖች ጋ፣ ይዘላል። ሲጨርስ ሌላ ነገር እንዳይጨመርበት በፕሮግራሙ ሲዲውን ይዘጋዋል፤ ክፍት የቀረ ሲዲ ኮምፒውተር ላይ ቢታይም ቴፕ «ሲዲ የለም» ሊል ይችላል። ከዚያም የተቀዳውን ከዋናው ጋር አመሳክሮ ነው የሚያስረክበው።

ሲዲው ላይ ወረቀት አይለጥፍም፤ እናንተም ቤታችሁ አትለጥፉ። ወረቀቱ ትንሽ ከተንጋደደ ሲዲው ሲሽከረከር ይርገበገባል፤ በፀሐይ የጋለ መኪና ውስጥ ሙጫው ይለቅና ሲዲው ቴፑ ውስጥ ይቀረቀራል። ለስላሳ ጫፍ ባለው ማርከር ብቻ ይጽፋል። ሰው የሚሳሳለት የታችኛው ገጽ ነው፤ ግን ያንን ገጽ ከአንድ ሚሊሜትር በላይ የወፈረ ፕላስቲክ ይከላከልለታል። ሙዚቃው ያለበት ንጣፍ ከላይኛው ገጽ በታች፣ ከስስ ቫርኒሽ ሥር ስለሆነ እስክሪብቶ እንኳን ይጎዳዋል።

ገና የወጣ አልበም እንዲቀዳ አትጠይቁት፤ ኦሪጅናሉን የሚሸጥበትን ቤት ያሳያችኋል። ለዚህም እናከብረዋለን።

አድራሻውን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እንልካለን። ስትሄዱ የቴፑን ፊትና የሞዴል ቁጥሩን በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ፣ ዘፈኖቹንም በምትፈልጉት ቅደም ተከተል ጽፋችሁ ውሰዱለት።