ካፌ ወይስ ቤተ መጻሕፍት?

ቤት ውስጥ ሥራ አልገፋ ሲል ሰፈር ውስጥ ሁለት ቦታ ይታሰባል። ካፌው ይንጫጫል፤ ጫጫታ ሁሉ ግን ጠላት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት 70 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) አካባቢ ያለ ድምፅ ከ50 ይልቅ አዲስ ሐሳብ ለማፍለቅ እንደሚረዳ አሳይቷል፤ 85 ሲደርስ ግን ነገሩ ይበላሻል። የካፌ ችግሩ ወንበሩ የሚከራየው በስኒ መሆኑ ነው። ስኒው ባዶ ሆኖ ሲቆይ አስተናጋጁ የጸዳውን ጠረጴዛ ደጋግሞ መወልወል ይጀምራል፤ መልእክቱ ግልጽ ነው! ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ሲዘጋ ብቻ ተነሥ ይባላል። ስልክ ለማውራት ግን ውጭ መውጣት ግድ ነው። እኔ ረቂቅ ስጽፍ ካፌ፣ ሳርም ቤተ መጻሕፍት እመርጣለሁ። ሶኬት አጠገብ ያለችው ወንበር በሁለቱም ቦታ ቀድሞ ለደረሰ ናት።