አልዶስትሮንና የእድገት ሆርሞን፦ ጨዋችንን ማን እንዴት ይይዛል?

ሰኞ ለባቲ ገበያ ከደጋ የወረደ ሰው በቆላው ሙቀት ጨውን በላብ ሲያጣ፣ ከኩላሊት በላይ ካሉት ዕጢዎች የሚመነጨው አልዶስትሮን የተባለ ሆርሞን ይጨምራል። ኩላሊት በጨው ውስጥ ያለውን ሶዲየም እንዲያስቀር ያደርጋል፤ ፖታሲየም ግን በሽንት ይወጣል።

የእድገት ሆርሞንም ሶዲየምና ውኃ ያስቀራል፤ ፖታሲየምን ግን እንደ አልዶስትሮን አያስወጣም። አዲስ ሥጋና አጥንት ለመገንባት ፖታሲየምና ፎስፌት ስለሚያስፈልጉ ሁለቱንም ያቆያል። ይበልጥ የሚደንቀኝ የፎስፌቱ ነገር ነው፦ የእድገት ሆርሞን በሚያነሳሳው፣ በዋናነት በጉበት በሚመረተው አይጂኤፍ-1 የተባለ ሌላ ሆርሞን አማካይነት ኩላሊት ፎስፌትን ወደ ደም መልሶ ይመጥጣል። በማደግ ላይ ያለ ልጅ በደሙ ውስጥ ያለው ፎስፌት ከአዋቂ የሚበልጠው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። ካልሲየም ላይ ነገሩ ይወሳሰባል፤ ከአንጀት የሚመጠጠውም በሽንት የሚወጣውም ይጨምራል።

አልዶስትሮን ከመጠን ሲያልፍ የደም ግፊት ይጨምራል፤ ፖታሲየም ወርዶ ጡንቻ ሊዝል ይችላል። የእድገት ሆርሞን ሲበዛ ደግሞ እጅ ያብጣል፣ ቀለበት ይጠባል፣ ጣቶች ይደነዝዛሉ።

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ለጡንቻ ብላችሁ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የእድገት ሆርሞን ለመወጋት የምታስቡ ወጣቶች፣ እባካችሁ ተጠንቀቁ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚጨምረው ክብደት በአብዛኛው የተጠራቀመ ውኃ ነው።