ከኦፕሬቲንግ ሲስተም ማሻሻያ በኋላ የቆመብንን ባክአፕ ላስተካከሉልን ባለሙያ የቀረበ ምስጋና እና ጥቆማ

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 በማብቃቱ የቢሮአችንን ኮምፒውተሮች ወደ ዊንዶውስ 11 ስናሻሽል ሁሉም ነገር በሰላም የተጠናቀቀ መስሎን ነበር። አንዲት ባልደረባችን የጠፋባትን ሰነድ ከባክአፕ (በየሌሊቱ ከሚቀመጠው የፋይሎቻችን መጠባበቂያ ቅጂ) ለማውጣት ፎልደሩን ስትከፍት ግን የመጨረሻው ቅጂ ከማሻሻያው በፊት በነበረው ሌሊት የተወሰደ ሆኖ አገኘችው። ለ11 ሌሊት ምንም አልተቀመጠም። በጣም የደነገጥነው ታስክ ስኬጁለር (ሥራዎችን በተመደበላቸው ሰዓት በራሱ የሚያስነሳው የዊንዶውስ ፕሮግራም) ያን ሁሉ ጊዜ የባክአፑን ሥራ «ዝግጁ» እያለ ያሳየን ስለነበር ነው፤ ቅጂውን የሚወስደውን ስክሪፕት (የትዕዛዝ ፋይል) በእጃችን ስናስነሳውም ያለ እንከን ይሠራል።

ሲስተሙ እንደገና ይጫን ያሉን ነበሩ። እኚህ ባለሙያ ግን ምንም ከመንካታቸው በፊት በማሻሻያው ዕለት ምን ምን እንደተቀየረ አንድ በአንድ ጠየቁን፤ ከዚያም ተዘግቶ የነበረውን የሥራዎች ታሪክ መዝገብ ከፍተው 2147942667 የሚል የስህተት ቁጥር አሳዩን። ቁጥሩ የተሰጠው ፎልደር ትክክል አይደለም ማለት ነው። ፎልደሩ እኮ ይኸው ይታያል ብንላቸው በትዕግሥት አስረዱን፦ ሥራዎቹ ከማሻሻያው በኋላ በአዲስ መልክ ሲመዘገቡ ተጠቃሚው ኮምፒውተሩ ላይ ባይገባም እንዲሠሩ ተደርገዋል፤ ዜድ ብለን የሰየምነው የኔትወርክ ድራይቭ (ሰርቨሩ ላይ ላለው ፎልደር የሰጠነው አቋራጭ ፊደል) ደግሞ የሚኖረው እኛ በአካውንታችን ኮምፒውተሩ ላይ ስንገባ ብቻ ስለሆነ፣ ማንም ሳይገባ ሌሊት የሚነሳው ሥራ ድራይቩን ፈጽሞ አያገኘውም።

መፍትሔውም የድራይቩን ፊደል አውጥተው በሰርቨሩ ሙሉ የኔትወርክ አድራሻ መተካት፣ የሥራውን መነሻ ፎልደር ደግሞ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ወዳለ ፎልደር ማዛወር ነበር፤ ስክሪፕቱን የሚያስኬደው ኮማንድ ፕሮምፕት (የዊንዶውስ የትዕዛዝ መስኮት) የኔትወርክ አድራሻን በመነሻ ፎልደርነት አይቀበልምና። ሥራው የሚሠራበት አካውንት ሰርቨሩ ላይ የመጻፍ ፈቃድ እንዳለውም አረጋገጡ። ከባክአፑ ሌላ በአንድ ላፕቶፕ ላይ በራሱ ይነሳ የነበረ የሪፖርት ሥራም ቆሞብን ነበር፤ እሱ የቆመው ግን ኮምፒውተሩ ኃይል ላይ ካልተሰካ እንዳይነሳ የሚያዘው ምርጫ ምልክት ስለተደረገበት ብቻ ነበር።

እኔን ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ «አሁን አስነሳ» የሚለውን ተጭኖ መሄድን እንደ ማረጋገጫ አለመቁጠራቸው ነው። ከኮምፒውተሩ ሙሉ በሙሉ አስወጥተውን ሥራው በራሱ ሰዓት፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እንዲነሳ ተዉት፤ በማግሥቱ ጠዋት ተመልሰው መጡና ከአዲሱ ቅጂ አንድ ሰነድ አውጥተው ባልደረባችን ፊት ከፈቱት። የተቀየረውን ሁሉ በአንድ ገጽ ጽፈው ሰጥተውናል፤ ያ ገጽ አሁን ከኮምፒውተሩ አጠገብ ተለጥፏል።

ክቡር ሆይ፣ ስለ ጥንቃቄዎና ስለ ትዕግሥትዎ ከልብ እናመሰግናለን። ስማቸው በይፋ እንዳይጻፍ ስለጠየቁ አልጠቀስኩትም፤ ተመሳሳይ ችግር የገጠመው ሰው በግል ቢጽፍልኝ ግን በራሳቸው ፈቃድ አድራሻቸውን እሰጣለሁ።