የመልስ ቀሚሴን ለክተው ያደረሱልኝን እትዬን አመስግኑልኝ

ሰላም ናችሁ ወገኖቼ! ሰርጋችን በሰላም አለፈ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከመልሱ ቀን ጀምሮ ግን «ቀሚስሽን ማን ሰፋልሽ?» የሚለው ጥያቄ አላባራ አለ። ለሁላችሁም በአንዴ ልመልስ። ምስጋናዬንም በዚሁ ላድርስ።

ቀሚሱ የተገዛ አይደለም። ፈትሉ የእናቴ ነው። እኔ ገና ሃይስኩል እያለሁ ነው የጀመረችው። ባዘቶውን ከጎኗ አስቀምጣ ማታ ማታ በእንዝርት ትፈትላለች። ልቃቂቱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ታስቀምጣለች። «ለመልስሽ ነው» ትለኝ ነበር። ባለፈው ዓመት ሽሮ ሜዳ ወስደን ለአንድ የዶርዜ ሸማኔ ሰጠነው። ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፣ ማጉ የእናቴ ፈትል። ከታች ዙሪያውን፣ ከፊት ደግሞ ከአንገት እስከ እግር አረንጓዴና ወርቃማ ጥበብ ሠራበት።

ስፌቱን ራሴ ቤት ጀመርኩት፣ በእናቴ የእግር ሲንጀር። ትከሻውን ገጠምኩ፣ ጎንና ጎኑን ሰፋሁ። ስለብሰው አንገቱ ይከፈታል። እጄን ሳነሳ ቀሚሱ አብሮ ይነሳል። የፊቱ ጥበብ ወደ ግራ አዘነበለ። ርዝመቱም መሬት ይጠርጋል። ለሰርጉ የቀረው ሦስት ሳምንት ነው። አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ይዤው ሄድኩ። «ከታች አንድ ስንዝር እንቆርጠዋለን» አሉኝ። ከታች ያለው እኮ ጥበቡ ነው! ቀሚሴን ታቅፌ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ እንባዬ መጣ።

እትዬን የጠቆመኝ ሸማኔው ነው። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ እንዲሁ እትዬ እያልኩ ልቀጥል።

ቀሚሱን ሲቀበሉኝ መቀስ አላነሱም። «ጨርቁ ታጥቧል?» አሉኝ። አልታጠበም። «የእጅ ፈትል ሲታጠብ ይገባል የኔ ልጅ። ሳይታጠብ ብለካልሽ ነገ ይጠብሻል» አሉ። ንጹሕ ነጭ ጨርቅ በውሃ አራሱና ጥበቡ ላይ ጫን አድርገው ያዙት። ከዚያ ጨርቁን መስኮቱ ጋ ወስደው ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት። ቀለም አልለቀቀም። ያኔ ነው ለብ ባለ ውሃ የነከሩት። ሲደርቅ የኔን ስፌት በምላጭ አንድ በአንድ ፈቱት። አንድ ክር አልተጎዳም።

የርዝመቱን ነገር እንዴት እንደፈቱት ልንገራችሁ፣ ቀሚስ ለምታሰፉ ሁሉ ይጠቅማልና። ጥበብ ያለው ቀሚስ ከታች አያጥርም። እትዬ ትርፉን ወገቡ ላይ ወደ ውስጥ አጠፉት፣ ምንም ሳይቆርጡ። የፊቱ ጥበብ እንዳይዛነፍ ደግሞ ቅርጹን ቆጠሩ። ወደ ውስጥ የገባው ልክ ሁለት ቅርጽ ነው፣ ስለዚህ ከላይ ያለው ከታች ካለው ጋር ገጠመ። በላዩ ላይ መቀነቱ ይታሰርበታል። መጋጠሚያውን እኔ ራሴ ፈልጌ አጣዋለሁ። «ኋላ ማስረዘም ብትፈልጊ ፈትተሽ ታወርጂዋለሽ» አሉኝ።

አንገቱን ከትከሻው ላይ አነሱት። ብብቱ ስር ከተረፈው ጨርቅ ትንሽ ቁራጭ ጨመሩበት፣ እጄ ነጻ ወጣ። ገበሩንም ስስ ጥጥ አደረጉልኝ፣ ካባ ሲደረብበት እንዳይሞቀኝ።

ሦስት ጊዜ ለኩኝ። በሦስቱም ጊዜ በረጅም ክር ወስውሰው ነው ያለበሱኝ፣ ማሽን አልነካውም። «ጫማሽን ይዘሻል?» አሉ፣ የመልሱን ቀን ጫማ አስደረጉኝ። «ተቀመጪ። ተነሺ። እስቲ ትከሻሽን ስበቂ» አሉ። ሰበቅኩ። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡና «አሁን ጉልበት ሳሚ» አሉኝ። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ስስም እጃቸው ጀርባዬ ላይ ነበር። ስፌቱ የሚወጠርበትን ቦታ በጣታቸው እየፈለጉ ነው። አገኙት። ከጀርባ በኩል ትንሽ ለቀቁልኝ። ልክ ሲወስድ ይህን ያሰበ ሰው እስከዛሬ አላየሁም። በመልሱ ቀን ሙሽራ የስንቱን ጉልበት ትስማለች!

መልሱ ዕለት የእናቴን ጉልበት ስስም ቶሎ አላነሳችኝም። እጅጌዬን በሁለት ጣቷ ይዛ ፈትሏን ትዳስስ ነበር። ቀሚሱ የትም አልያዘኝም።

እውነቱን ልናገር፣ እትዬ ርካሽ አይደሉም። ዋጋቸውን ግን መጀመሪያ ይናገራሉ፣ በመሃል አይጨምሩም። አይቸኩሉም ደግሞ። «ነገ ይድረስልኝ» ለሚል ሰው አይሆኑም። ብዙ ሥራም በአንዴ አይቀበሉም። እኔን የተቀበሉኝ አንዷ ሰርጓን ስላራዘመች ነው። በሁዳዴ 55 ቀን ሰርግ የለም፣ ፋሲካ ሲያልፍ ሁሉም በአንዴ ይደግሳል። ልብስ ሰፊውም ያኔ ይጨናነቃል። ለጥር የምታገቡ ካላችሁ ከኅዳር በፊት ሂዱ። ጨርቃችሁን ሳትቆርጡ፣ ጫማችሁን ይዛችሁ። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅደውልኛል።

ሸማኔያችንም ተባረክ፣ ጥበቡም ጥቆማህም ያማረ ነበር።

እትዬ፣ ልጅዎ ይህን እንደሚያነብልዎት ነግራኛለች። እጅዎን ቁርጥማት አይንካው። ፎቶውን አሳጥቤ ቅዳሜ ይዤልዎት እመጣለሁ።