ስድስት ወር ያሳተኝ የምሰሶ ቁመት

ይህን የሰርጓጅ መርከብ ጨዋታ ከገዛሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ምስሉ ያምራል፣ ድምፁ ያስፈራል፣ ኮምፒውተሬንም አላስጨነቀውም። ስለዚያ ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ የመጣሁት አንድ መጽሐፍ ልወቅስ ነው።

ጨዋታው ውስጥ የመርከብ መለያ መጽሐፍ አለ። አውቶማቲኩን አጥፍቶ በእጁ ለሚያነጣጥር ሰው ሁሉ ነገር እሱ ነው። ዒላማህን ከመጽሐፉ ትለያለህ፣ የምሰሶዋን ቁመት ትወስዳለህ፣ በፔሪስኮፑ ስታዲሜትር (ከቁመት ተነስቶ ርቀት የሚያወጣው መለኪያ) ከምሰሶው ጫፍ እስከ ውኃው ትለካለህ፣ ርቀቷ ይወጣል። ከሦስት ደቂቃ በኋላ ትደግመዋለህ፤ በመሃል የሄደችው መንገድ ፍጥነቷን ይነግርሃል። ከዚያ ቶርፒዶውን ትለቃለህ። የኔዎቹ ግን ከመርከቦቹ አፍንጫ ፊት እያለፉ ወደ ባሕሩ ሲነጉዱ ከረሙ።

መጀመሪያ ራሴን ጠረጠርኩ፤ ባሕር የሌለው አገር ልጅ ምን ያውቃል ብዬ። ቀጥሎ ቶርፒዶውን። የምጫወተው በፓስፊክ፣ በአሜሪካ ሰርጓጅ ስለሆነ ለጥርጣሬዬ ታሪክም ይመሰክራል። ማርክ 14 የተባለው ቶርፒዶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ጉደኛ ነበር። የባሕር ኃይሉ መሣሪያ ቢሮ ጥፋቱን በሰርጓጅ አዛዦቹ ሲያላክክ፣ የአካባቢው ሰርጓጆች አለቃ አድሚራል ሎክዉድ እ.ኤ.አ. በ1942 አውስትራሊያ፣ አልባኒ አጠገብ መረብ አዘርግቶ አስተኮሰና ከታዘዘው ጥልቀት 10 ጫማ ያህል ዝቅ ብሎ እንደሚሄድ አሳየ። ሻጩ ይህን ቢሰማ "አየህ፣ እውነተኛነቱ እኮ ነው!" ይለኝ ነበር። አይደለም ወንድሜ! ዝቅ ያለ ቶርፒዶ ከሆዷ ሥር ያልፋል እንጂ ቀድሟት አይሄድም።

አንድ ቅዳሜ የቶርፒዶ ብልሽትን ከምርጫው አጥፍቼ፣ ወደብ ውስጥ ከቆመች የጭነት መርከብ ፊት ተጋደምኩ። ካርታው 1000 ያርድ ይላል። ስታዲሜትሩ 1300። ደገምኩት፤ 1300። ለካ መጽሐፉ ምሰሶዋን በ30 በመቶ አስረዝሞታል! ርቀቱ በዚያው ልክ ሲጋነን ፍጥነቱም አብሮ ይጋነናል፤ 10 ኖት (የመርከብ ፍጥነት መለኪያ ነው) የምትሄደው 13 ትሆንብሃለች፣ ቶርፒዶውም ገና ያልደረሰችበት ቦታ ሄዶ ይጠብቃታል። አንድ ቁጥር ማረም ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ገንዘቤን ሲወስዱ እንኳ ሰከንድ አልፈጀባቸውም።

ከዚያ ወዲህ ምሰሶ የሚባል ነገር አላይም። ሰርጓጇን አቁሜ፣ ፔሪስኮፑን ሳልነካ፣ መሃል ባለው ቀጭን መስመር ላይ መርከቧ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ስታልፍ ሰዓት እይዛለሁ፤ 120 ሜትሯ በ23 ሰከንድ ካለፈች 10 ኖት ናት። (ርዝመቱን በትክክል ጽፈውታል፤ ይህን አልክድም።) ከዚያ ወደ ፊት ቀድሜ መንገዷን በመስቀለኛ (በ90 ዲግሪ) ይዤ እጠብቃታለሁ። ቶርፒዶው 46 ኖት ስለሚሮጥ፣ ከአፍንጫዬ ትይዩ ለመድረስ 12 ዲግሪ ሲቀራት ቀጥ አድርጌ እለቀዋለሁ። 800 ያርድ ትራቅ 1500 ግድ የለኝም፤ ርቀት ስሌቱ ውስጥ የለም። ትናንት ማታ ሦስት ለቅቄ ሦስቱም ገቡ። ጩኸቴ ቤቱን ሁሉ ቀሰቀሰ።

ይገዛ ወይ? ትናንት ማታ ብትጠይቁኝ "ዛሬውኑ!" እላችሁ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ዒላማዬ 12 ዲግሪው ሊሞላ ሲል ዚግዛግ ጀምራ ታጠፈች። መስቀለኛው ፈረሰ፣ ርቀት አስፈለገኝ፣ ያንን መጽሐፍ ገለጥኩ። አራት ቶርፒዶ ለቀቅኩ፤ አራቱም ከፊቷ አለፉ።