የፔስሜከር ሽቦ ከወራት አገልግሎት በኋላ፦ ሽፋኑ፣ ጫፉና የሚጎዳበት ቦታ

ልብን በኤሌክትሪክ ስለሚያስመታው መሣሪያ፣ ስለ ፔስሜከር፣ ሲወራ ሁሉም የሚጠይቀው ስለ ባትሪው ነው። ባትሪው ሲደክም ግን እሱን የያዘው ሣጥን በአነስተኛ ቀዶ ጥገና ይቀየራል። ከሣጥኑ እስከ ልብ የሚደርሰው ሽቦ ግን ከደም ሥሩና ከልብ ግድግዳ ጋር በጠባሳ ስለሚጣበቅ ከዓመታት በኋላ ማውጣቱ ከባድና አደገኛ ነው። አጥብቆ መጠየቅ ስለ ሽቦው ነው።

እዚህ የምናየው ሽቦ በቀኙ የታችኛው የልብ ክፍል የገባ፣ ጫፉ እንደ ብሎን ሥጋ ውስጥ የሚጠመዘዝ፣ 58 ሳ.ሜ. ርዝመትና 2 ሚ.ሜ. ገደማ ውፍረት ያለው ባለ ሁለት ዋልታ (ሁለቱም የኤሌክትሪክ ዋልታዎች ሽቦው ላይ ያሉ) ነው። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው መሪው መዳብ አይደለም፤ ኤምፒ35ኤን የተባለ የኒኬል፣ የኮባልት፣ የክሮሚየምና የሞሊብዲነም ቅይጥ ነው። እንደ ስፕሪንግ የተጠቀለለውም በምክንያት ነው፤ ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ሲመታ ቀጥ ያለ ሽቦ አንድ ቦታ ላይ እየታጠፈ ይበጠስ ነበር።

ትልቁ ልዩነት ሽፋኑ ላይ ነው። ሲሊኮን ሰውነት ውስጥ ሳይበላሽ ይቆያል፤ ለስላሳ በመሆኑ ግን ከሣጥኑ ወይም ከሌላ ሽቦ ጋር ሲፋተግ ያልቃል። ፖሊዩሬቴን ቀጭን፣ ጠንካራና የሚያንሸራትት ነው። ሆኖም 80ኤ የሚባለው ለስላሳ ዓይነት ውጥረት ባለበት ይሰነጠቃል፣ ከመሪው የሚወጡ የብረት አዮኖችም ከውስጥ ይበሉታል። ጠንከር ያለው 55ዲ ዓይነት የተሻለ ይቋቋማል። የዚህኛው ውስጡ ሲሊኮን፣ ውጩ 55ዲ ነው፤ ያለ ማመንታት የምንመርጠውም ይህንን ነው።

ሲተከል ልብን ለማስመታት 0.5 ቮልት በቅቶታል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወደ 1 ቮልት ተጠግቶ በኋላ 0.7 ላይ ረጋ። ጫፉ የወጋው ሥጋ ስለሚቆጣ ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ከጫፉ ቀስ እያለ የሚወጣው ከ1 ሚሊግራም ያነሰ ዴክሳሜታሶን የተባለ ቁጣ አብራጅ መድኃኒት ባይኖር ጭማሪው ይበልጥ ነበር።

የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ከ600 ኦም ብዙም አልራቀም። በድንገት ሽቅብ ከዘለለ መሪው ተሰብሯል፣ አለዚያም ሣጥኑ ላይ የሚያስረው ብሎን አልጠበቀም። ቁልቁል ከወረደ ሽፋኑ ተቀዷል። በየክትትሉ የተለካውን ቁጥር ጽፋችሁ ያዙ፤ ከቀድሞው ጋር ካልተያየ የአንድ ቀን ልኬት ብዙ አይናገርም።

በብዛት የሚጎዳው በአንገት አጥንትና በመጀመሪያው ጎድን መካከል ሲያልፍ ነው፤ ክንድ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሁለቱ አጥንቶች ይጨፈልቁታል። በብብት ደም መላሽ ሥር በኩል ሲገባ ይህ ጫና ይቀንሳል፤ ከቀዶ ጥገናው በፊት ሐኪሙን በየት በኩል እንደሚያስገባው ጠይቁት። ሌላው ደካማ ቦታ ሽቦው ከጡንቻ ጋር የሚታሰርበት ነው። ክሩ ሽቦውን በሚያቅፈው የጎማ እጅጌ ላይ እንጂ በቀጥታ በሽቦው ላይ መታሰር የለበትም፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀም ሽፋኑን ይጎዳል።